ክርስትና ያነሣኋት ልጅ

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ደብረ ማርቆስ አንዲት ጎረቤቴን አራስ ልጠይቅ ሄድሁ። ወጣት ናት፤ የተማረች፤ ስልኳን ስትከፍተው መጀመሪያ ብቅ የሚለው የወንጌል ጥቅስ ነው። ገንፎው ቀርቦ እየተጨዋወትን ሳለ አንዲት የሰፈር ሴት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለች ገባች። አራሷ ከመቅጽበት የሕፃኑን ፊት በፎጣ ሸፈነችው። ሴትዮዋ አየች። ማየቷን እኔም አየሁ። ጥቂት አረፍ አለችና ገንፎውን ሳትነካ፣ የሚያስቸኩል ሥራ አለብኝ ብላ ወጣች።

«ምነው ልጄ?» አልኋት።

«አያውቁም እንዴ እማማ? ዘሮቿ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው እኮ» አለችኝ በሹክሹክታ።

አውቃለሁ። ይህን ነገር አራሷ ሳትወለድ ጀምሮ ነው የማውቀው።

ያደግሁት ከደብረ ኤልያስ ከተማ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። አባቴ ዳዊት ሳይደግሙ በሬ የማይጠምዱ ሰው ነበሩ። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ፣ ከእሳቸው ሌላ ከቤታችን ፊደል የቆጠርሁት እኔ ነበርሁና፣ ከራት በፊት ወንጌል የማነብላቸው እኔ ሆንሁ። ወንበዴዎች ደብድበው መንገድ ላይ የጣሉትን ሰው ካህኑም ሌዋዊውም አይተው ሲያልፉት፣ ያ የተናቀው ሳምራዊ እንዴት እንዳነሣው ባነበብሁ ቁጥር እንባቸው ይመጣ ነበር። እናቴም ከንፈሯን ትመጥጣለች። ሳምራዊው የሩቅ አገር ሰው ስለሆነ ለእሱ ማልቀስ ቀላል ነበር።

የእኛ መንደር አለምነሽ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረቻት። ባሏ ሸማኔ ነው። ወጥ የምንሠራው በእሷ ድስት፣ ውኃ የምንቀዳው በእሷ እንስራ፤ ቤተ ክርስቲያን የምንለብሰው ነጠላም የባሏ እጅ ሥራ ነው። ግን «ቡዳ ናት» ይባል ነበር፤ ዓይኗ ሰው ይበላል፣ ስንበላ ካየችን እንታመማለን ማለት ነው። ስለዚህ ፊቷ ማንም እህል አይቀምስም። ገበያ እንኳ ድስቷን አንኳኩተው ድምፁን ሰምተው ከገዙ በኋላ፣ ልጆቻቸውን በነጠላቸው ከልለው ነበር የሚሄዱት።

ኅዳር ሲገባ ነው ነገሩ የሆነው። ጤፉ ገና ማዘንበል ጀምሯል፤ የጧቱ ጤዛ ቀሚሳችንን እስከ ጉልበታችን ያርሰው ነበር። እሑድ ከእናቴ ጋር ቅዳሴ ሄጄ ሳለ አለምነሽ ሴት ልጇን ታቅፋ ክርስትና ቤቱ በር ላይ ቆማለች። የክርስትና እናት ልትሆንላት ቃል የገባችው ዘመዷ ከሌላ ቀበሌ መምጣት ነበረባት፤ አልመጣችም። ቄሱ ወጥተው «ይህችን ሕፃን የሚያነሣት ማን ነው?» አሉ። ደግመው ጠየቁ። ያ ሁሉ ሴት መሬት መሬቱን ያያል። አንዷማ ጫማዋን የምታስር መስላ አጎነበሰች።

አለምነሽ አልለመነችም። ልጇን ጠበቅ አደረገችና ወደ ቤቷ ለመመለስ ዞር አለች። ያ ማታ ማታ የማነበው ነገር ለምንድን ነው ታዲያ? ለአባቴ እንባ ብቻ?

«እኔ አነሣታለሁ» አልሁ።

እናቴ ነጠላዬን ጨምድዳ ያዘች። «አብደሻል? የታጨሽ ልጅ እኮ ነሽ!»

ነጠላዬን እጇ ላይ ትቼላት ሄድሁ።

ቄሱ ትክ ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ የክርስትና ልጅ የዕድሜ ልክ ልጅ ናት። አስበሽበታል?»

«አስቤበታለሁ አባ።»

ሕፃኗን ታቅፌ ወደ ምዕራብ ዞሬ ስለ እሷ ሰይጣንን ስክድ፣ ከኋላዬ የቆመውን ፍርሃት ሁሉ አብሬ የካድሁ መሰለኝ። ወለተ ሚካኤል ተባለች። ማተቧን ሲያስሩላት አለቀሰች፤ ድምፅ ነበራት!

ከዚያ የክርስትና ድግስ አለ። ድግስ አይበሉት፤ ድፎ ዳቦ፣ ሽሮ፣ አንድ ማሰሮ ጠላ። ከእኔ በቀር እግሩን ያነሣ ሰው የለም። አለምነሽ ማዕዱን አቀረበችልኝና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ወደ ግድግዳው ዞረች።

«ምን ሆነሽ ነው እትዬ አለምነሽ?»

«ብዪ የኔ እናት፤ እንዳትፈሪ ብዬ ነው። አላይሽም።»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተናደድሁበት ቀን የለም። በእሷ አይደለም፤ በሁላችንም ነው። እንጀራዋን አቅርባ ዓይኗን እንድትደብቅ ያስተማርናት እኛ ነን። «ዙሪ» አልኋት። «ዙሪና እዪኝ፤ ካላየሽኝ አልቀምስም!» ዞረች። ዓይን ለዓይን እየተያየን በላሁ። ዳቦው ከኮባው ቅጠል ላይ ትኩስ ነበር፤ ጥቁር አዝሙዱ ዛሬም አፌ ላይ አለ። እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ እጎርሳለሁ።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። አባቴ በር ላይ ቆመዋል።

«ከእነማን ጋር እንደተዛመድሽ ታውቂያለሽ?»

«ከተጠመቀች ሕፃን ጋር ነው አባዬ።»

«ስሜን አፈር አስገባሽው!»

ከዚያ ዕለት ጀምሮ ከእኔ ጋር መብላት አቆሙ። ወንጌሉም ሳይነበብ ሰነበተ። ብዙም ሳይቆይ የእጮኛዬ ወገኖች ሽማግሌ ልከው ከሸክላ ሠሪ የተዛመደች አንፈልግም አሉ። እናቴ ይቅርታ ጠይቂ ብላ እግሬ ላይ ልትወድቅ ደረሰች። ምን አጥፍቼ ነው የምጠይቀው? «ይቅርብኝ» አልሁ። ልጁን እወደው ነበር፤ ያን አልደብቅም። ግን እሱም አንድ ቀን መጥቶ እንኳ አላነጋገረኝም።

በአጨዳው መሐል ያልተጠበቀ ዝናብ ደበደበንና ታመምሁ። ትኩሳቱ አነደደኝ፤ ጎኔን እንደ ጦር ይወጋኛል። መንደሩ ይህንን ነበር የሚጠብቀው፤ «ተበላች!» አለ። አጎቴ መድኃኒት ያውቃል የሚባል ሰው ይዞ መጣ። ገል ላይ ፍም አድርገው ቅጠሉን እያጨሱ አፍንጫዬ ሥር ያዙት። ገሉ ራሱ ከአለምነሽ ድስት የተሰበረ ነበር።

«ማን ነህ? ማን ነው የበላት? ተናገር!» ይላል ሰውዬው፣ በእኔ ላይ ያለ የመሰለውን መንፈስ።

ጭሱ ሲያፍነው ሰው የተባለውን ሁሉ እንደሚለፈልፍ አይቻለሁ። የአለምነሽን ስም ብጠራ ጎጆዋ ሳይነጋ አመድ እንደሚሆንም አውቃለሁ። ጥርሴን ነከስሁ።

«እኔ ነኝ። ሌላ ማንም የለም። ማንም አልበላኝም፤ ጎኔን ነው ያመመኝ።»

«ይዋሻል! ጨምርበት!» አለ አጎቴ።

አባቴ ከምሰሶው አጠገብ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። የቀረችኝን ትንፋሽ ሰበሰብሁና ወደ እሳቸው ዞርሁ። «አባዬ፣ መንገድ ላይ ወድቄያለሁ። እርስዎም አይተው ሊያልፉኝ ነው?»

አባቴ ፊታቸው ተለዋወጠ። ከዚያ ያን ገል በመቋሚያቸው መትተው ከነፍሙ ወደ ደጅ ወረወሩት። «ውጡልኝ!» አሉ። «በቅሎዋን ጫኑ!»

በቅሎዋ ላይ ደግፈውኝ ደብረ ኤልያስ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። የሳንባ ምች ነው ተባለ። መርፌ ተወጋሁ፤ እየዋለ እያደረ ትንፋሼ ተመለሰ። ወደ ቤት ስንመለስ የታጨደው ጤፍ ሽታ መንገዱን ሞልቶት ነበር። አባቴ መንገዱን ሙሉ አልፎ አልፎ ጋቢዬን ያስተካክሉልኝ ነበር።

አለምነሽ ከቀበሌው ትነሣልን ያሉ ሰዎች እኛ ቤት መጡ። አባቴ ሰሟቸውና «ልጄን ብርድ መታት፤ በመርፌ ዳነች። መርፌ ቡዳ ሲያስወጣ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ወደየቤታችሁ ግቡ» አሏቸው። አንዱ ሊከራከር ቢሞክር መቋሚያቸውን አነሡ።

አባቴን ቅዱስ ላደርጋቸው አልፈልግም። አንድም ቀን ልክ ነበርሽ አላሉኝም። አለምነሽ ቤት እህል ሳይቀምሱ ነው የሞቱት። ግን ከእኔ ጋር መብላት ጀመሩ፤ ወለተ ሚካኤልም እየዳኸች ስትመጣ ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጧት ነበር። እኔም ከጊዜ በኋላ ደብረ ማርቆስ አንድ መምህር አገባሁ፤ ስለ አጥንት ሳይሆን ስለ እኔ የጠየቀ ሰው ነው። ወለተ ሚካኤል ዛሬ ሉማሜ ከተማ ሻይ ቤት አላት። የአውቶቡሱ መንገደኛ ሁሉ እጇን ይበላል፤ ደኅና ሆኖም ያድራል።

ይህን ሁሉ ለዚያች አራስ ነገርኋት። ተቆጣች፤ «ለልጄ ብዬ ነው እኮ» አለች። ትቆጣ። የእኔም እናት ለልጄ ብላ ነበር ነጠላዬን የያዘችው። ነገ ተመልሼ እሄዳለሁ፤ ያችን ሴትም ይዤያት ነው የምገባው።

አንዳንድ ጊዜ ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች እየመጡ በሃይማኖታችን እንድናድግ ምን እናድርግ ይሉኛል። ጾሙንና ጸሎቱን ከእኔ የተሻለ ያውቁታል። ስለዚህ «ማን ቤት አትበሉም?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። የሚስቁ አሉ፤ የሚከራከሩኝም አሉ። አንገቱን የሚደፋ ካገኘሁ ግን እሱን እይዘዋለሁ፦ «በል ተነሣ፤ እዚያ ቤት ሂድና ብላ!»