የኣቦይ ኣስፋሃ የሬዲዮ ሰሌዳ

ሸረፈዲን ፈሪ ነው ቢባል አይቆጣም። መቀሌ፣ በቀዳማይ ወያነ ገበያ ዳር ባለች ጠባብ ሱቁ ማኅተም ሲቀርጽ፣ ዋንጫ ላይ ስም ሲጽፍ ልበ ሙሉ ነው፤ የጦርነት ወሬ ሲሰማ ግን እህል አይበላለትም። ሰሞኑን ደግሞ ወሬው በዝቷል። ሚስቱ ነዒማ፣ «መንገዱ ሳይዘጋ ልጆቹን ይዘን ወሎ እንግባ» እያለች እንቅልፍ ነስታዋለች። አይፈረድባትም። ባለፈው ጦርነት ስልክ ሁሉ ተቋርጦ በነበረ ጊዜ ወሎ ያሉት እናቷ ሞተው መርዶው የደረሳት ዓመት ቆይቶ ነው።

እሱን መቀሌ ያቆየው የኣቦይ ኣስፋሃ ቃል ነበር። ጡረተኛው መምህር በሱቁ ባለፉ ቁጥር፣ «አይዞህ ወደይ፣ አይዞህ ልጄ፣ ምንም አይመጣም» ይሉታል። እሳቸው ካሉ አለቀ፤ ያን ቀን ምሳው ይበላለታል።

በቀደም የአሮጌ ሬዲዮ ሰሌዳ አመጡለት፤ ጣቢያ የሚፈለግበት፣ ቁጥሮቹን ዝገት የበላቸው ናስ። «ልክ እንደዚህ አድርገህ አዲስ ቅረጽልኝ። ቶሎ በል እንጂ!» አሉት። የምን ችኮላ ነው ብሎ ገረመው። አዲስ ናስ ቆርጦ፣ እያንዳንዷን መስመር ከአሮጌው ለክቶ ቀረጸና የተቀረጸውን በጥቁር ቀለም ሞላው። አሮጌው ላይ በሚስማር የተጫረች አንዲት ጠማማ መስመር ነበረች። የልጅ ጥፋት መስላው ተዋት።

ኣቦይ ኣስፋሃ መጥተው አዲሱን ሰሌዳ ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ጭረቷስ?»

«ያቺ ጠማማዋ? ወላሂ፣ ብልሽት መስላኝ እኮ ነው ኣቦይ።»

«እንታይ ብልሽት! እኔ ነኝ የጫርኳት። በዚያ ክፉ ጊዜ ዜና የሚገባልኝ እሷ ላይ ነበር። ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ድምፁን ቀንሼ፣ በጨለማ በጥፍሬ እየዳሰስኩ ነው የማገኛት።»

ሸረፈዲን መቅረጫውን አስቀመጠ። «ታዲያ አሁን ለምን አስፈለገችዎት? ምንም አይመጣም አላሉኝም?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

«ጠለቅ አድርገህ ጫራት» አሉት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ጫረላቸው። እንደወጡ ለነዒማ ደወለ። «የልጆቹን ልብስ ሸክፊ። ነገ እንሄዳለን» አላት።

እሰይ ትላለች ብሎ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን ማልቀስ ጀመረች።

«እኔ እኮ እንሂድ ስልህ የከረምኩት» አለችው፣ «ምንም አይመጣም እንድትለኝ ነበር።»