ለጋሽ ሰይድ ያልነገርኳቸው

በሐርጌሳ መሐመድ ሞጌ ሰፈር፣ ለአሮጌ የናፍጣ መኪኖች ቱርቦ በመግጠም የሚታወቁት መካኒክ ጋሽ ሰይድ ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ አርፈዋል። በማግስቱ ጠዋት ተቀበሩ። ይህን የምጽፈው ለዓመታት አብሬያቸው የሠራሁት በያጁ ጌታነህ ነኝ። የምታውቋቸው ሁሉ እየደወላችሁ፣ መታመማቸውን እንኳ እንዴት ሳንሰማ ብላችሁኛል። ያልሰማችሁት በእኔ ጥፋት ነው።

ለማያውቀው ሰው፣ ሞተር ውስጥ ትርፍ አየር የሚያስገባውን ቱርቦ መግጠም ቀላል ይመስላል። ዕቃው ከዱባይ በካርቶን ይመጣል። እኔ የጭስ ማውጫውንና የዘይት መመለሻውን ቱቦ ቆርጬ እበይዳለሁ፤ እሳቸው የዘይት መግቢያውን መስመር ይዘረጋሉ፣ የናፍጣ ፖምፓውን ያስተካክላሉ፤ ዳገት ላይ ሲያቃስት የኖረ ላንድክሩዘር ጉልበት ያገኛል። ጋሽ ሰይድ ግን ካርቶኑን ከመክፈታቸው በፊት የሞተሩን ኮምፕሬሽን፣ አየር አምቆ የመያዝ አቅሙን፣ ይለካሉ፤ ስድስቱንም ሲሊንደር አንድ በአንድ። ሞተሩ ካለቀ ለባለቤቱ የሚነግሩት ራሳቸው ናቸው፤ ሰው ልከው አያውቁም። «ያረጀ ሞተር ትርፍ አየር ሲያገኝ ደስ ይለዋል፤ ደስታውን ግን አይችለውም» ይሉ ነበር። ስለ እኔ ብየዳ የሚሉትን ባልጽፈው ይሻላል። የዘይት መመለሻውን ቱቦ ቁልቁለት አሳንሰሃል ብለው በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ አስፈትተውኛል፤ በሦስተኛው ጊዜ በሆዴ ረግሜያቸዋለሁ።

አንድ ጊዜ የግመል ወተት ከገጠር የሚያመላልስ ሾፌር ቱርቦውን ገዝቶ መጣ። ጋሽ ሰይድ ቢለኩ ሁለቱ ሲሊንደሮች ደክመዋል። ሰውየውን ጥላ ሥር አስቀምጠው በሶማልኛ ቀስ ብለው ነገሩት። እሱ ተቆጥቶ ካርቶኑን አንሥቶ ሌላ መካኒክ ዘንድ ሄዶ አስገጠመው። ብዙም ሳይቆይ መኪናው ፒስተኑ ተበስቶ እየተጎተተ መጣ። እኔ ይበለው ልል አፌን ሳሰናዳ፣ ጋሽ ሰይድ የጠየቁት ወተቱ የት እንዳለ ነበር። ሞተሩ እስኪታደስ ድረስ በየማለዳው በራሳቸው መኪና ወተቱን ሲያመጡለት ከረሙ። ነግሬህ ነበር የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም።

ከጥቂት ጊዜ በፊት መክሳት ጀመሩ። ሆስፒታል የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ሐኪሙ እንደተለመደው በሽተኛውን ትቶ አስታማሚውን ወደ ጎን ጠራ። ጉበታቸው ነው፣ በሽታው ተሰራጭቷል፣ ከጥቂት ሳምንት አያልፉም፣ ቤተሰብ ካላቸው ይጠራ አለኝ። ጋሽ ሰይድ ኮሪደሩ ጫፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። ሐኪሙ ምን እንዳለ ጠየቁኝ። መድኃኒት ታዟል፣ ቀስ በቀስ ይሻልዎታል ብሏል አልኳቸው። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም።

ኮምቦልቻ የምታስተምር አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ዘሀራ ትባላለች። በስልክ ልምጣ ስትላቸው፣ ትምህርት ሲዘጋ ትመጫለሽ፣ ያኔ እኔም በርትቼ ጅግጅጋ ድረስ ወጥቼ እቀበልሻለሁ አሏት። አጠገባቸው ተቀምጬ ሰማሁ። በየቀኑ ዛሬስ እነግራቸዋለሁ ብዬ ከጋራዥ እነሣለሁ፤ እዚሁ ሐርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር ሰፈር የተከራዩት ክፍል በር ላይ ስደርስ ወኔ ይከዳኛል። ላማክራችሁ ብል ወሬው እሳቸው ዘንድ ይደርሳል ብዬ ለእናንተም ደበቅሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ትራሳቸውን ሳስተካክል እጄን ያዙኝ።

«ጌታነህ፣ ለክቼ ለባለቤቱ ያልነገርኩበት ቀን ታውቃለህ?»

«አላውቅም ጋሼ።»

«እንግዲያው ሐኪሙ ምን አለህ?»

ይሻልዎታል ነው ያለው አልኩ። ከዚያ ሳይጠይቁኝ ጋራዥ ስለቆመው መኪና መቀባጠር ጀመርኩ። ጣሪያውን እያዩ አዳመጡኝና የዘይት መመለሻው ቁልቁለት በቂ መሆኑን ጠየቁ። በቂ ነው አልኳቸው። ስለ ሐኪሙ ዳግመኛ አላነሡብኝም።

ሐሙስ ዕለት አረፉ። እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ ሲያጥቧቸውም ሲሰግዱባቸውም መግባት አልቻልኩም፤ መስጊዱ ደጃፍ ቆሜ ጠበቅሁ። መቃብሩ ላይ ግን አንድ ሽማግሌ አካፋ አቀበለኝ። ዘሀራ መርዶውን ሰምታ ተነሥታ ቶጎ ውጫሌ ድንበር የደረሰችው ቅዳሜ ነው። ቤት ገብታ ባዶውን አልጋ ካየች በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ሐኪሙ የነገረኝ መቼ እንደሆነ። ነገርኳት። «ርእሰ መምህሩ ይፈቅድልኝ ነበር» አለች። ብትሰድበኝ በተሻለኝ።

ጋሽ ሰይድ፣ ደህና ይሁኑ። አላህ ይዘንልዎት፤ እኔም በለመድኩት ነፍስ ይማር እላለሁ። ይቅርታ የምጠይቅበት መንገድ ስለሌለኝ፣ ያን ቀን የጠየቁኝን አሁን ልመልስ፤ ለማን እንደሚጠቅም ባላውቅም። ጉበትዎ ነው። አይድንም ብሏል። የቀረዎት ጥቂት ሳምንት ነው። ዘሀራን ዛሬውኑ ይጥሯት።