ላስቲኩን የቀደዱት እትዬ በለጥሽ

እትዬ በለጥሽ በጋሞ ቆላ፣ ጫኖ ላይ አንደኛ ክፍል ሲያስተምሩ ነው ፀጉራቸው የሸበተው። ከፍ ወዳለ ክፍል ይዛወሩ ተብለው ተለምነዋል፤ እምቢ ብለዋል። «ስምንተኛ ክፍልን ማንም ያስተምረዋል። እርሳስ አያያዝ የማያውቅ ልጅ ይዘህ ቀኑን ዋልና ከዚያ እናወራለን» ይላሉ። ምላሳቸው ስለት ነው። የትምህርት ቤቱን ዳይሬክተር ክብሩን ራሱን ሀ ሁ ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። እሱ አንቱ ይላቸዋል፣ እሳቸው ስብሰባ ላይም ቢሆን አንተ ይሉታል።

ለአንደኛ ክፍል ታብሌት የመጣ ዕለት ክብሩ እንቅልፍ አጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ንብረት የሚባል ነገር ግን ያርበተብተዋል። «ሕፃናት ናቸው፣ ይጨርሱታል» ብሎ እያንዳንዱን ታብሌት በላስቲክ ጠቅልሎ ዙሪያውን በፕላስተር አሸገ። ማያው በላስቲኩ ላይ ሲነኩትም ይሠራ ስለነበር በብልሃቱ ተደሰተ። ቀጥሎ አንድ ሕግ አወጣ፦ ታብሌት የሰበረ ተማሪ ዳግመኛ አይነካም።

እንግዲህ ሙቀቱ የጫኖ ሙቀት ነው። የሰባት ዓመት ልጅ መዳፍ ላብ በላብ ሲሆን ላስቲክ እንደ ሳሙና ይሾልካል። እትዬ በለጥሽ ይህን አይተው «ክብሩ፣ ይሄ ነገር ያንሸራትታል፣ ልቅደደው» ቢሉት፣ «እትዬ፣ መከላከያው እኮ እሱ ነው» ብሎ መለሳቸው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ነውና፣ አንዱ ታብሌት ሾልኮ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ፤ ማያውም ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። የወደቀው ደግሞ ከኑሃሚን እጅ ነበር። ኑሃሚን ትንፋሿ የማይሰማ ልጅ ነበረች፤ ታብሌቱ ፊደል ሲጠራ ተከትላ መጥራት ከጀመረች ወዲህ ነው ክፍሉ ድምፅ እንዳላት ያወቀው። አላለቀሰችም። እጆቿን ወደ ኋላ ደብቃ ቆመች። በማግስቱ ቀረች፤ በሦስተኛውም ቀን አልመጣችም።

እትዬ በለጥሽ ከትምህርት በኋላ የተሰነጠቀውን ታብሌት ቦርሳቸው ውስጥ ከትተው ወደ ልጅቷ ቤት ሄዱ። አባቷ ኤርጫፎ ሸማኔ ነው፤ ደጁ ላይ ሲሸምን አገኙት። ኑሃሚን መምህሯ ሲመጡ አይታ ጓሮ ካለው የሙዝ ተክል ውስጥ ገብታ ተደበቀች።

«እትዬ፣ ጎሜ ሆኖብን ነው» አለ ኤርጫፎ ከሥራው ተነሥቶ። ጎሜ በጋሞ ዘንድ ክልክሉን መተላለፍ ነው፤ ጥፋቱ ተነግሮ እርቅ እስኪወርድ መዘዙ ከቤት አይወጣም ይባላል። «የመንግሥት ዕቃ ሰብራለች። በግ ፈልጌ ዳይሬክተሩን ሳልታረቅ በምን ፊቷ ትመጣለች?»

የእትዬ በለጥሽ ደም ፈላ።

«እኔም የጋሞ ልጅ ነኝ፤ ጎሜን አንተ አታስተምረኝም። ከሕፃን እጅ ያመለጠ ዕቃ ጎሜ አይደለም። እንደሚያንሸራትት እያወቅሁ ያስያዝኳት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይኸው በአፌ ነገርኩህ። ልጅ ከትምህርት ማስቀረት ግን ጎሜ ነው፣ እሱ ደግሞ የአንተ ነው።»

ለኤርጫፎም ፋታ አልሰጡትም። «በጉን ተወው። ቡልኮ ትሸምን የለ? ለዚህ ዕቃ የሚሆን ልብስ ለናሙና አንድ ሥራልኝ፤ ወፍራም ይሁን፣ በአንገት የሚንጠለጠልበት ማንገቻ ይኑረው። ሰኞ ከልጅህ ጋር ይዘህልኝ ና።»

ሰኞ ጠዋት ኤርጫፎ ልጁንና ልብሱን አደረሰ። እትዬ በለጥሽ አግዳሚ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ገፍተው ልጆቹን መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፈው አስቀመጡ። ምንጣፍ ላይ ከተቀመጠ ልጅ የሚወድቅ ዕቃ ሩቅ አይወድቅም። ከዚያ ላስቲኩን አንድ በአንድ ይቀድዱት ጀመር። ወሬው ሳይውል ሳያድር ደርሶት ክብሩ እየሮጠ መጣ።

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እየቀደድኩ ነው» አሉና የመጨረሻውን ላስቲክ እጁ ላይ አኖሩለት።

ክብሩ የኤርጫፎን ሥራ አገላብጦ አየው። ወፍራም ጥጥ ነው፣ እጅ ላይ ይጨበጣል፤ ነቀፌታ አላገኘለትም። «ይሁን፣ ለሌሎቹም ይሠራ» አለ። ዞር ሲል ግን ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ኑሃሚንን አያት። «እሷ ግን አትነካም። ሕግ አለ።»

«ሕጉን የጻፍከው በየትኛው እጅህ ነው?» አሉት። «እኔ ይዤ ባስጻፍኩት አይደለም? ስንት እርሳስ ሰብረህብኛል! አንድ ቀን ዳግመኛ አትነካም ብዬሃለሁ?»

«እትዬ፣ በልጆቹ ፊት...»

«በፊታቸው ነው እንጂ። ደሞም ክሰሰኝ፣ ሴቻ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ድረስ በእግሬ እመጣለሁ። ብትፈልግ ከሥራ አስወጣኝ። እኔ እዚህ ቆሜ ግን ይችን ልጅ ከዚህ ምንጣፍ የሚያስነሣት የለም።»

የተሰነጠቀውን ታብሌት ከቦርሳቸው አወጡ። ስንጥቁን በስኮች ለጥፈውበታል። ኤርጫፎ የሠራውን ልብስ አልብሰው የኑሃሚን አንገት ላይ አጠለቁላት።

ልጅቷ አልነካችውም። ዳይሬክተሩን አየች፣ ከዚያ መምህሯን።

«ቲቸር፣ እንደገና ብሰብረውስ?»

እትዬ በለጥሽ ሲመልሱ የሚያዩት እሷን ሳይሆን ክብሩን ነበር።

«ትሰብሪዋለሽ። በማግስቱም ትመጫለሽ።»

ክብሩ ላስቲኩን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ከምንጣፉ ገለል አለ። ኑሃሚን ማያውን ነካችው።