ርገጪ፣ ያዢ፣ ልቀቂ

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ «ሁለቴ» ነው የሚለው። ስሙ የወጣለት የአሮጌዋን ጂፓችንን ፍሬን ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ስለሚረግጥ ነው። አንዴ ይረግጥና ይለቃል፣ ደግሞ ይረግጣል፣ ያኔ መኪናዋ ትቆማለች። ስሙን ሲጠሩት ኖረው ኖረው እሱም ወደደውና ነገሩን ሁሉ ሁለቴ ያደርገው ጀመር። በር ሁለቴ ይቆልፋል፣ ሰላምታ ሁለቴ ይሰጣል፣ ሻዩ ላይ ስኳር ጨምሮ ሲያበቃ «ጨምሬ ነበር እንዴ?» ብሎ ይደግማል። ያገባኝ ግን አንዴ ብቻ ነው። ሁለተኛ ቢጠይቀኝ ኖሮ እምቢ የምልበትን ምክንያት አዘጋጅቼለት ነበር።

ጂፒቱ ከልጃችን ትበልጣለች። እሱ የመንገድ ቀያሾች ሾፌር ሳለ መንገድ በሌለበት ሁሉ የነዳት ናት፤ መሥሪያ ቤቱ አርጅታለች ብሎ ሲያስወግዳት ገዝቶ ይዟት መጣ። ጣሪያዋ ሸራ ነው፣ የእኔ በኩል ያለው በሯ የሚዘጋው በገመድ ነው። እኔ ችግኝ አፈላለሁ። ቤታችን ከዳገቱ አናት ላይ ነው፣ ገበያው ታች ነው፣ ደንበኞቼ ደግሞ ዳገት ወጥተው የሚገዙኝ ዓይነት ሰዎች አይደሉም። ስለዚህ ችግኞቼን በገበያ ቀን ቁልቁል የምታወርድልኝ እሷ ናት። እሷ ከቆመች እኔም ቆምኩ ማለት ነው።

የፍሬን ማስተር የሚሉት ከፔዳሉ ጀርባ ያለ ክንድ የማይሞላ ብረት ነው። እግር ሲረግጥ በውስጡ ያለው ዘይት ተገፍቶ በቀጫጭን ቧንቧ ወደ አራቱ ጎማ ይሄድና መኪናውን ይይዛል። ይህን እኔ የማውቀው ተምሬ አይደለም። ፍሬኑ በተነካካ ቁጥር ውስጡ የገባውን አየር ማስወጣት አለ፤ ለዚያ ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ከሥር ተኝቶ በየጎማው ያለችውን ብሎን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ አንዱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፔዳል ይረግጣል። ከተጋባን ጀምሮ የምረግጠው እኔ ነኝ። እሱ ከሥር ይጮሃል፦ «ርገጪ!» እረግጣለሁ። «ያዢ!» «ይዣለሁ!» እላለሁ፣ ብሎኑን ይከፍታል፣ ዘይቱ ጠርሙሱ ውስጥ ፊጭ ይላል፣ ይዘጋል። «ልቀቂ!» ወጥ ምድጃ ላይ ጥጄ እንኳ ተጠርቼ ሄጄ ረግጬ አውቃለሁ። ስንት ድስት አረረብኝ!

ታዲያ ገና ሙሽሮች ሳለን «እስቲ መንዳት አስተምረኝ» ብለው ምን አለኝ መሰላችሁ? «ይሄ ፍሬን የወንድ እግር ነው የሚፈልገው።» ይህን ያለው ፍሬኑን ረግጬለት ስነሳ ነው። ለመርገጥ እግሬ እግር ነው፣ ለመንዳት ሲሆን ግን የሴት እግር! ከዚያ ወዲህ አልጠየቅሁትም፣ ግን አልረሳሁለትም። ሳህን ሳጥብ ትዝ ካለኝ ሳህኑን ጓ አድርጌ አስቀምጣለሁ፣ እሱም ምክንያቱ አይገባውም።

ዘንድሮ ልጃችን ልትጠይቀን መጥታ ከእሱ ጋር ገበያ ወረደች። ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል። ለካ ፔዳሉ ሲረገጥ ቀስ እያለ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ሁለቴውም ሦስቴ ሆኗል። በማስተሩ ውስጥ ዘይቱን የሚያግዱት ትናንሽ ጎማዎች ብዙ ጊዜ ተቀይረዋል፣ አሁን ግን ብረቱ ራሱ ከውስጥ ተቧጭሮ አዲስ ጎማም አይበጀውም።

«አባዬ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው» አለችው። «ይቺ መኪና ትሸጥ። እማዬም ችግኙን ትተው።»

«ማስተሩን ብቀይረውስ? ብቀይረውስ?»

«ቀይረው። ከዝናቡ በፊት እመጣለሁ። አብሬህ ቁልቁለቱን እወርዳለሁ፤ ደህና ከቆመች እሺ፣ ካልቆመች ግን ገዢ ይዤ ነው የምመጣው።»

ልጅቷ በእኔ ነው የወጣችው፣ ያለችውን ታደርጋለች። እሱም ያንን ያውቃል። በነጋታው ተያይዘን መለዋወጫ ሱቅ ሄድን።

ሻጩ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ነው። ሁለት ማስተር አውጥቶ ጋዜጣ ላይ አጋደማቸው፤ አንዱ ወፈር ያለ፣ አንዱ ቀጠን ያለ።

«ሁለቱም ይገባሉ ጋሼ። ብሎናቸው አንድ ነው፣ ቧንቧቸው አንድ ነው። ልዩነታቸው ሆዳቸው ነው። ወፍራሙ በአንድ ጊዜ ብዙ ዘይት ይገፋል፣ ስለዚህ ፔዳሉ አጭር ነው፤ ድንጋይ ይሆንልዎታል። ግን ጉልበት ይጠይቃል። ቀጭኑ ጠለቅ ይላል፣ ለእግር ግን ቀላል ነው። የእርስዎ መኪና ደግሞ እግር የሚያግዝ ሰርቮ የላትም። እና ምርጫው የመኪናዋ ሳይሆን የእግር ነው።»

በመካኒክ አፍ «ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ» ማለት ትልቅ ምስጋና ነው። ፔዳሉ ለስላሳ ነው ከተባለ ግን ባለመኪናው እንደተሰደበ ይቆጥረዋል። ባሌ ይህን ቃል ሰምቶ ቀጭኑን ሊነካው ነው? ዓይኑንም አላሳረፈበትም።

«ድንጋዩን ስጠኝ» አለ። «ድንጋዩን።»

እኔ ቆሜ አየዋለሁ። ሰውነቱን በሙሉ በግራ እግሩ ላይ ጥሎ ቀኙን ባንኮኒው ላይ አስደግፎታል። እንዲህ መሆን ከጀመረ ሰንብቷል። ደረጃ ሲወጣ ግድግዳ ይይዛል፣ ስጠይቀው «ጫማው ነው» ይለኛል። ጫማ ቀየረ፣ ግድግዳውን ግን አልለቀቀም። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ማለት ይሄ ነው። እኔም አውቄ ዝም አልኩ፤ ሰውዬው ኩሩ ነው፣ ከነኩት ይብሳል።

ቤት ገብተን ወፍራሙን ገጠመው። እኔ ረገጥኩ፣ እሱ ከሥር ጮኸ፣ አየሩ ወጣ። ፔዳሉ እውነትም ድንጋይ ሆነ። «እሰይ! እሰይ!» እያለ ከግቢው አናት አስነስቶ ወደ በሩ ቁልቁል ለቀቃት። እኔ በሩን ልከፍት ቆሜ ነበር። አንዴ ረገጠ፣ ሁለቴ ረገጠ፣ ጂፒቱ ግን ዝም ብላ ትመጣለች። ኋላ መሪውን ጠምዝዞ የፓፓያ ችግኜ መደብ ላይ ወጣና አፈሩ ያዛት።

«አየር አለው!» አለ ገና ሳይወርድ። «አየር አለው!»

«አየር ያለው ጭንቅላትህ ውስጥ ነው!» አልኩት። በሩን ልከፍት የቆምኩት እኔ፣ የተጨፈለቀው የእኔ ፓፓያ፣ ምን ልበለው?

እንደገና አየር ማስወጣት ጀመርን። ርገጪ፣ ያዢ፣ ልቀቂ። ከጠርሙሱ ውስጥ አንዲት አረፋ አልወጣችም። በማግስቱም ደገምን። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ! በመጨረሻ ከሥር ሊወጣ ሲል መነሳት አቃተው። የጂፒቱን የፊት መከላከያ ይዞ ይሞክራል፣ ይቀመጣል፣ ብሎን የጠፋው መስሎ መሬቱን ይዳብሳል። አንጀቴን በላው።

«ዛሬ እኔ ልተኛ» አልኩት። «አንተ ርገጥ።»

«አንቺ? ዘይቱ ዓይንሽ ይገባል።»

«ይግባ።»

ካርቶን አንጥፌ ገባሁ። የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው፤ ያንን ሁሉ ዓመት እሱ ብቻ ያየውን የጂፒቱን ሆድ አየሁት። ጠርሙሱን ያዝኩ፣ ቁልፉን ብሎኑ ላይ አደረግሁ፣ እንደሱ ጮህኩ።

«ርገጥ!»

«ረገጥኩ!»

«ያዝ!»

«ይዣለሁ!»

ከፈትኩ። ፊጭ የሚለውን እየጠበቅሁ ነበር። ጠብ አለ። ደግሞ ቆይቶ ጠብ አለ።

«ይዘሃል ወይ?»

«ይዣለሁ አልኩሽ እኮ! ይዣለሁ!»

ቀና አልኩ። በፔዳሉ ሥር ወለሉ ላይ ላስቲኩ ያለቀ ቀዳዳ አለ፤ በዚያ በኩል እግሩ ይታያል። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የገዛ እግሩን ወደ ታች እየተጫነ ነበር። በእጁ ነው የሚረግጠው። ጅማቶቹ ተገታትረዋል፣ እግሩ ግን ተኝቷል።

መኪና ሥር ተኝቼ አለቀስኩ። ደግነቱ የፍሬን ዘይት ምክንያት ይሆናል። ብሎኑን ዘጋሁና «ልቀቅ» አልኩት፣ ቀስ ብዬ።

ስወጣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ወደ ፊት ወደ ፊት ይመለከታል። «ማየትሽን አውቃለሁ» አለኝ። «ብርዱ የገባ ጊዜ ነው የጀመረው። አንዳንድ ቀን ደህና ነው። አንዳንድ ቀን ግን የሌላ ሰው እግር ተሸክሜ የምዞር ይመስለኛል።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ለልጅቷ ትነግሪያታለሽ። እሷ ሐኪም ቤት ወስዳ መንዳት ታስከለክለኛለች። ከዚያስ? ከዚያ እኔ ምንድነኝ?»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ መልሼ ዋጥኩት። ይልቅ ሐኪም ቤት እንሂድ አልኩት። ሄድን። ነርቩ ነው፣ ከወገብ የመጣ ነው፣ ይታከማል ግን የድሮው አይሆንም አሉን። ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ሐሳብ መጣልኝ።

«ወፍራሙን መልሰን ቀጭኑን እንውሰድ» አልኩት። «ለእግር ይቀላል ብሏል ሰውዬው። ቀስ እያልክ ትነዳለህ።»

ሱቁ ስንደርስ ሻጩ ነገሩን ሰምቶ ቀጭኑን ፊቱ አስቀመጠለት። «አዎ ጋሼ፣ ይሄ ይስማማዎታል። ለስላሳ ነው።» ስድቡን ሰማ ብዬ የባሌን ፊት አየሁ፤ አልተቆጣም። አንስቶ ያዘው። በአውራ ጣቱ ፒስተኑን ገፋ፣ ለቀቀ፣ ገፋ። ወይ ይወስደዋል ወይ ይጥለዋል ብዬ እጠብቃለሁ። መልሶ ጋዜጣው ላይ አስቀመጠው።

«ይሄ እግር» አለ ጭኑን መታ መታ አድርጎ፣ «ደስ ሲለው ይረግጣል። ደስ ሳይለው ደግሞ አስቀድሞ አይነግረኝም። ለስላሳ ብትሰጠው ምን ይሠራለታል? ወፍራሙ ባለበት ይቅር። የሚረግጠው እግር ይችለዋል።»

«የማን እግር?» አለ ሻጩ።

በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። «የሷ። የሷ።»

«ኧረ ተው አንተ ሰውዬ!» አልኩ። «እኔ መሪ ይዤ አላውቅም!»

«መሪ ማንም ይይዛል። ጭንቁ ፍሬን ነው፤ እሱን ደግሞ ዕድሜ ልክሽን ስትይዢ ኖረሻል።»

ደሜ ፈላ። ሰው ፊት መሆኑንም ረሳሁት። «የወንድ እግር ነው የሚፈልገው ያልከው ማን ነበር? ማን ነበር?» እኔም ሁለቴ ማለት ጀመርኩ!

ሻጩ መነጽሩን ሊጠርግ ዘወር አለ። ባሌ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አየ።

«ጂፒቱንም አንቺ ከነዳሻት እኔ ምን ይቀረኛል ብዬ ነው» አለ። «ፈርቼ ነው።»

ያንን ሁሉ ዓመት ሳህን ጓ ሳደርግ የኖርኩት ለዚህ ነበር። ዘይት ገዝተን ወጣን።

ያስተማረኝ ሰው አልባ ሜዳ ላይ ነው። ስንቴ ተጣላን! ማርሽ ሲንኳኳ እሱ ጥርሱን የተነቀለ ያህል ይጮሃል፣ እኔ ወርጄ በእግሬ ወደ ቤት እሄዳለሁ፣ እሱ እያነከሰ ይከተለኛል። ግን ፍሬኑን ገና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልሳትኩትም። ፈተናውን ተፈትኜ መንጃ ፈቃድ ይዤ ስመጣ ከእኔ ይልቅ እሱ ነው ለጎረቤት ያሳየው፤ ለአንዱ ጎረቤት ሁለት ጊዜ።

ልጃችን እንዳለችው ከዝናቡ በፊት መጣች። ገዢ አላስከተለችም፣ ግን ልትደውልለት ስልኳን በእጇ ይዛለች። የሾፌሩን በር ከፍቼ ስገባ «እማዬ! አንቺ?» ብላ አባቷን አየችው። እሱ በእኔ ቦታ ተቀምጦ በሩን በገመድ እያሰረ ነበር። «ከኋላ ግቢ» አላት። «ችግኙን ያዢ።»

ቁልቁለቱን ጀመርን። ከመታጠፊያው በታች መንገዱ ያዘቀዝቃል፣ መጨረሻው ላይ ዋናው መንገድ አለ፣ እዚያ የግድ መቆም ነው። ጭነቱ ከኋላ ይገፋናል። ልጄ ትንፋሿን ስትውጥ ይሰማኛል። እሱ መንገዱን አያይም፤ እግሬን ነው የሚያየው። ፔዳል በሌለበት በእሱ በኩል ወለል ላይ ቀኝ እግሩ ሊነሳ ይሞክራል።

«ርገጪ» አለኝ።

አንዴ ብቻ ረገጥኩ። ቆመች። ከኋላ ችግኞቹ ተንገዋልለው መልሰው ቀጥ አሉ። ልጄ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እሱ ሁለተኛውን እንደሚጠብቅ ሰው ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ እጁን አምጥቶ ጉልበቴ ላይ አሳረፈው፤ አልተጫነውም።

«ያዢ» አለኝ።

«ይዣለሁ» አልኩት።