የሲፈን ጉንጭ ሲጎድል

ልጄ ሲፈን ጡት እየጠባች መሃል ላይ ትታ ማለክለክ ጀመረች። የመጀመሪያው ምልክት ይህ ነበር። የታችኛውን የዓይኗን ሽፋን ገለጥ አድርጌ አየሁት። ነጭ ነው። ሰበታ ያየን ሐኪም በዚያው ቀን አዲስ አበባ ወዳለ ትልቅ ሆስፒታል ላከን።

ሄሞግሎቢኗ እጅግ ወርዷል። ደም ሰጧት። ቀላች። ተመልሳ ገረጣች። ደግመው ሰጧት። ከመቅኔዋ ናሙና ወሰዱ። እጇን ይዤ ነበር። ጮኸች። አልለቀቅኳትም።

ነጭ የደም ሴሎቿ ደህና ናቸው፤ ቀዩን የሚወልዱት ሴሎች ግን የሉም ማለት ይቻላል። በሽታው ዳያመንድ ብላክፋን አኒሚያ ይባላል። ራይቦዞም ከሚገጣጠምባቸው ፕሮቲኖች አንዱን የሚያሠራው፣ አር ፒ ኤስ 19 የተባለው ዘረመሏ፣ ከሁለት ቅጂዎቹ አንዱ ተበላሽቷል።

ትምህርቴን የጨረስኩት ካገባሁ በኋላ፣ በማታው ክፍለ ጊዜ ነው። በሴል ውስጥ ያለው ራይቦዞም ፕሮቲን እንደሚሠራ ተምሬያለሁ፤ ራይቦዞም ራሱ በምን እንደሚሠራ ግን ጠይቄ አላውቅም። የሲፈን ዶክተር እንዲህ አስረዳችን፦ «ከሰበታ አይደላችሁ? ፋብሪካ ታውቃላችሁ። አንዱ ዕቃ በግማሽ ብቻ ሲመጣ ሌሎቹ የሚገጠሙበት አጥተው ግቢው ውስጥ ይከመራሉ። ዘበኛው ይህን ሲያይ ሥራውን ያስቆማል።» ዘበኛው ፒ 53 የሚባል ፕሮቲን ነው። በደህናው ጊዜ ኤምዲኤም 2 የተባለ ሌላ ፕሮቲን ይይዘዋል። ቦታ ያጡት የራይቦዞም ፕሮቲኖች ኤምዲኤም 2 ላይ ሲጣበቁ ፒ 53 ይለቀቅና ሴሉን ያቆመዋል። የቀይ ደም ወላጅ ሴሎች በአጭር ጊዜ ብዙ ፕሮቲን ስለሚፈልጉ ቀድመው ይጎዳሉ።

ዓመት ሲሞላት ፕሬድኒሶሎን የተባለ የስቴሮይድ መድኃኒት ተጀመረላት። መቅኔዋ ሠራ፤ ደም መውሰድ ቀረ። ፊቷ ግን አበጠ። አማቴ አዴ ጫልቱ ከሱሉልታ መጥተው አቀፏት። «ሲፈን ኮ፣ የኔ ሲፈን! ጉንጯ ዳቦ አይደል እንዴ! ዳነችልን በቃ!»

መድኃኒቱ በዚያ መጠን ከቀጠለ አጥንቷንና ቁመቷን ይጎዳል። ሲቀነስ ደግሞ መቅኔዋ ሊቆም ይችላል፤ ያኔ ወደ ደም መውሰድ እንመለሳለን፣ የደሙ ብረት ጉበቷና ልቧ ላይ ይጠራቀማል። ዶክተሯ ቀስ በቀስ ቀነሰችው። ጉንጯ ጎደለ።

አዴ ጫልቱ አለቀሱ። «ልጅቷ አለቀች እኮ! መልሱላት!» ባለቤቴ ግርማ አመነታ። «ለጊዜው ትንሽ ብንጨምርላትስ?»

«ዶክተሯ ሳትል አንዲት ፍሬ አትጨምርም» አልኩት። አዴ ጫልቱንም ይዘን ሆስፒታል ሄድን። ደሟ ተመረመረ። ጠበቅን።

ዶክተሯ ወረቀቱን ይዛ ወጣች። «ሄሞግሎቢኗ አልወረደም። ደሟን ራሷ እየሠራች ነው። እማማ፣ ጉንጯን ያሳበጠው መድኃኒቱ ነው።»

«እንግዲህ ስትወፍር አልቅሱ፣ ስትከሳ እልል በሉ ነው የምትዪን?» አሉ አዴ ጫልቱ።

«ለሲፈን እንደሱ ነው» አለች ዶክተሯ እየሳቀች።

ዛሬ ሲፈን በትንሽ መጠን ላይ ሆና ከጎረቤት ልጆች ጋር ትሯሯጣለች። በሽታው ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችል እናውቃለን፣ ቀጠሮ አናሳልፍም። የገረጣ ልጅ ያላችሁ፣ ምክንያቱ በምርመራ ሳይታወቅ የብረት ሽሮፕ አትስጡ፤ ሬቲኩሎሳይት፣ ማለትም አዲስ የተወለዱት ቀይ የደም ሴሎች፣ ይለካልን በሉ። ፕሬድኒሶሎን የጀመራችሁ፣ ልጁ አማረበት ብላችሁ በድንገት አታቋርጡ፣ ከሳ ብላችሁም አትጨምሩ።

ሐኪሞቿን አመሰግናለሁ። ደም የሰጣችኋትን ግን ስማችሁን አላውቅም፤ ከእናንተ አንዱን መንገድ ላይ አልፌው ይሆናል። መቅኔዋ ሥራውን እስኪጀምር ድረስ የኖረችው በእናንተ ደም ነው።