የጦስኝ ዘይትና የጊቹ በቅሎ ነጂ

የደርግ ታጣቂዎች ሲይዙኝ በርሜሉ ገና ይፈላ ነበር። ከደባርቅ ወጣ ብሎ ባለች ተዳፋት መሬቴ ላይ ጦስኝ አበቅል ነበር። ችግኙን ተራራው ላይ ካለችው ከጊች መንደር ቋጥኝ ሥር ነቅዬ አምጥቼ፣ ውርጭ እንዳይፈጀው ጭድ እያለበስኩ ያሳደግኩት ነው። ሲያብብ አጭጄ፣ እንደ አረቄ በርሜል ውስጥ ቀቅዬ፣ እንፋሎቱን በቱቦ እያቀዘቀዝኩ ዘይቱን አወጣለሁ። ለሳል፣ ለቁስል፣ ለጥርስ ሕመም ፈላጊው ብዙ ነበር።

ከታጣቂዎቹ አንዱ በርሜሉን በጫማው ገፋው። የፈላው ውሃ እግሬ ላይ ተደፋ። ስጮህ፣ "ገና ምኑን ጮህክ!" አለኝ። ሌሎቹ ማሳውን በአካፋ ገለበጡት።

ያሰሩኝ ደርግ ከአንድ ባላባት በወረሰው የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመታኝ ሽታው ነው፤ ደም፣ ሽንትና የሻገተ ገብስ። ግድግዳው ሥር እጁ የተሰበረ የዳባት አስተማሪ ተቀምጧል። "ቦታ የለም፤ እግርህን ሰብስብ" አለኝና ራሱ ጠጋ አለልኝ።

በማግስቱ ወደ ምርመራ ክፍል ወሰዱኝ። አንድ ሽማግሌ ወፌ ላላ ታስረው፣ እጅና እግራቸው በአንድ እንጨት ተጠፍሮ፣ ቁልቁል ተንጠልጥለዋል። አወቅኋቸው። የጊች በቅሎ ነጂ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ከእኔ ዘይት ገዝተዋል። ሳንቃ በር ኬላ ላይ ሲፈትሿቸው ጠርሙሱን አግኝተውባቸው ኖሯል።

"ለወንበዴ ቁስለኛ አድርስ ብሎ የላከህ ይሄ ነው?" አላቸው መርማሪው ወደ እኔ እያመለከተ። "አዎ በልና ቤትህ ግባ።"

"የገዛሁት ኮርቻ ለላጣት በቅሎዬ ነው፣ ጌታዬ።"

ውስጥ እግራቸውን በኤሌክትሪክ ገመድ ገረፋቸው። ቆዳው ተልጦ ደሙ ግድግዳው ላይ ይረጭ ጀመር።

"አሁንስ?"

"ያልላከኝን ሰው ላከኝ ብዬ ነፍሴን የት ላስገባት?"

መርማሪው ጠርሙሱን ከፈተ። "መድኃኒት ነው አይደል የምትሉት?"

"ሳይበረዝ ቁስል ላይ አይፈስም! ያቃጥላል!" አልኩ። ሳላስበው አምልጦኝ ነው። ጠባቂው አፌን በሰደፍ መታኝ፤ ጥርሶቼን ምላሴ ላይ አገኘኋቸው። መርማሪው ዘይቱን በተላጠው እግራቸው ላይ ገለበጠው። እንደዚያ ያለ የሰው ድምፅ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ክፍሉ በሙሉ ጦስኝ ጦስኝ ሸተተ።

ጎትተው ከእኔ ጋር መጋዘኑ ውስጥ ጣሏቸው። እግራቸውን በሸሚዜ ጠቀለልኩላቸው። ሰውነታቸው እንደ እሳት ይፋጃል።

"ልጄ፣" አሉኝ፣ "በቅሎዋ አስታ ዛፍ ላይ እንደታሰረች ቀረች። ውሃ አላገኘችም።"

"አይዞዎት አባቴ፣ ሰው ይፈታታል።"

"ይፈታት ይሆን?"

ሲነጋ ሞተው አገኘናቸው።

ጠባቂዎቹ ገመድ ይዘው ገቡ። አንደኛው ጎንበስ ብሎ እግራቸውን ማሰር ጀመረ።

"አይጎተቱም" አልኩት። አፌ አብጦ ቃሉ በቅጡ አልወጣም።

"ምን አልክ?"

"አይጎተቱም ነው ያለህ" አለ አስተማሪው፣ በደህና እጁ ግድግዳውን ተደግፎ እየተነሳ። "እኛ እንሸከማቸዋለን።"

ጠባቂው ጠመንጃውን አቀባበለ። አስተማሪው አልተቀመጠም። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተነሱ። ጋቢ አነጠፍን፣ አስተኛናቸው፣ ተሸከምናቸው። እስከ ግቢው በር ድረስ ጀርባችንን በሰደፍ እየደበደቡን ሄድን። አንዱ ሲወድቅ ሌላው በቦታው ይገባል። በሩ ላይ በቆመው መኪና ላይ ቀስ ብለን አሳረፍናቸው። ከዚያ እዚያው አፈር ላይ አስተኝተው እስኪደክማቸው ገረፉን።

ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ የሽማግሌው ባለቤት ከጊች ወርደው ደባርቅ አገኙኝ። አረፍ እንኳ ሳይሉ፣ "እንዴት አወጡት?" አሉኝ። "እንደ ውሻ ጎትተው ጣሉት ነው የተባልኩት።"

"በትከሻችን ነው የወጡት፣ እናቴ። መሬት አልነኩም።"

ያኔ ቁጭ አሉ። "እንግዲያስ ሰው ሸኝቶታል" አሉ። "አሁን ተዝካሩን አወጣለሁ።"

ስለዚያ ዘመን ሲወራ ማን ገረፈ፣ ማን አስገረፈ ይባላል። እኔ የማስበው ሌላ ነው። ሽማግሌው አንዲት "አዎ" ቢሉ ቤታቸው ይገቡ ነበር። ደግሞ በቅጡ እንኳ አያውቁኝም ነበር።