የእታባ መስኮት

በጫማ ፋብሪካችን ሰው ሁሉ እታባ ይላታል፤ በዕድሜ የሚበልጣት ሽማግሌው ዘበኛ እንኳ። ለሦስት መቶ ሠራተኛ ምሳ የምታበስለው እሷ ነበረች። እኔ ሽንኩርቱንና ምስሩን መዝኜ የማስረክባት የእህል መጋዘን ጠባቂ ነኝ። ነገረኛ ነው ይሉኛል፤ አልተሳሳቱም።

ከሦስት ዓመት በፊት ክፉኛ ታማ ስትነሳ ምላሷ ጣዕም መለየት አቆመ። ይህን የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላትም፤ ወጥ ቤቱን ከቀሟት ምን ይቀራታል? ስለዚህ ዘዴ ፈጠረች። በምግብ ማደያው መስኮት ራሷ ቆማ እየጨለፈች፣ መጀመሪያ የመጡትን እዚያው ታስቀምሳቸውና ፊት ፊታቸውን ታያለች። «እታባ፣ ጨው ተወደደ እንዴ?» ይላል አንዱ። ትስቅና ትጨምራለች።

አምና አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወረፋ ግን አይወድም። መስኮቱን አስደፈነው። ምግብ በስልክ ይታዘዝ፣ ቁጥር ካለው ሳጥን ይወሰድ ጀመር። እታባን ኃላፊ አድርጎ ፎቅ ላይ ክፍልና ኮምፒውተር ሰጣት። ጠዋት ወርዳ ጨውና ቅመሙን በእጇ ትጨምርና ወደ ፎቅ ትመለሳለች። ረዳቶቿ የአለቃን ድስት መቅመስ ድፍረት መሰላቸው።

ከምሳ በኋላ ስልኩ የሚስቅና የሚያኮርፍ ፊት አሳይቶ ምረጡ ይላል። የሚያኮርፈውን የነካ የለም። «እንጀራዋን እንዳንዘጋባት» ተባባልንና ሁላችንም የሚስቀውን ተጫንን፤ ምስሩ ውሃ ውሃ ሲልም፣ ጨው ሲያንገበግበንም። ፍቅር ነበር። ይሉኝታም ነበረበት።

አንድ ሐሙስ በምሳ ሰዓት መጋዘኔ መጣች።

«ኮምፒውተሩ በየቀኑ ከመቶ መቶ ይለኛል! እኔ እኮ ድሮም እንዲህ ጎበዝ አልነበርኩም» አለችኝና ይዛኝ ወደ ምግብ አዳራሹ ሄደች።

ስትገባ ወሬው ቆመ። ሰው ከመቀመጫው ተነሳላት። ድሮ እየቀለዱ የሚሰድቧት ልጆች እጃቸውን አጣምረው ቆሙ።

«ጨው በዝቷል?» አለች።

«ኧረ ልክ ነው እታባ! እጅሽ ይባረክ!»

እሷ ግን ፊት ማንበብ አልረሳችም። አንድ በአንድ አየቻቸው፤ በየጠረጴዛው ባዶ የሆነውን የውሃ ጆግም አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተስ በልተሃል?»

«በልቻለሁ።»

«እና ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዳይከፋሽ ብዬ።»

«ሦስት መቶ ሰው እንዳይከፋኝ ብሎ ብቻዬን አስቀረኝ» አለች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ ነቀዝ ስከላከል ኖሬ፣ ዝምታም እንደሚነቅዝ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። አፈርኩ።

በማግስቱ ምላሷ እንደማይሠራ ለሥራ አስኪያጁ ራሷ ነገረችው። «ውጤትሽ ግሩም ነው፣ ምን አስጨነቀሽ?» ቢላትም አሻፈረኝ አለች። አሁን ሶል ማጣበቂያ ክፍል ትሠራለች፤ ምሳዋንም ጥግ ይዛ ብቻዋን ትበላለች።

ባለፈው ሳምንት ሳህኔን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ዛሬ ጨው አንሶታል» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «አሁን ምን ሊያደርግልኝ?» አለችና መብላቷን ቀጠለች።